ነጻ ራም 400 ሜጋባይት ብቻ ቀርቷል፤ ካሹን በየሰዓቱ ማራገፍ ይረዳል ወይ?

ጥያቄ፦ «ሰርቨራችን 16 ጊጋባይት ራም አለው። ሊኑክስ ላይ ፖስትግሬስ ዳታቤዝና አንድ የድር አፕሊኬሽን ይሠሩበታል፤ ዲስኩ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። ፍሪ የሚለው ትእዛዝ በጊጋባይት የሚያወጣው ይህን ነው፦ ቶታል 15.6፣ ዩዝድ 3.9፣ ፍሪ 0.4፣ ሼርድ 0.2፣ ባፍ/ካሽ 11.3፣ አቬይለብል 11.1። ራሙ እንዳያልቅ ብዬ በየሰዓቱ፣ መጀመሪያ ሲንክ አድርጎ (ያልተጻፈውን ወደ ዲስክ አውርዶ)፣ ካሹን፣ ማለትም ከዲስክ ተነቦ ራም ውስጥ የተቀመጠውን ቅጂ፣ በሚያራግፈው ድሮፕ ካሽስ ላይ 3 የሚጽፍ ክሮን (በሰዓቱ ራሱ የሚነሳ ትእዛዝ) አስገባሁ። ነጻው ወዲያው ከ11 ጊጋባይት በላይ ይሆናል፤ ግን ዳታቤዙ ለሩብ ሰዓት ያህል ይንቀራፈፋል፤ ነጻውም ቀስ እያለ ተመልሶ ይወርዳል። ሜሞሪ የሚያፈስ ፕሮግራም አለ ማለት ነው? ራም ልጨምር?»

መልስ፦

ክሮኑን ዛሬውኑ ያውጡት። ባስቀመጧቸው ቁጥሮች ላይ ሜሞሪ የሚያፈስ ፕሮግራም አይታይም፤ ራሙም አላለቀብዎትም። ዳታቤዙን በየሰዓቱ የሚያንቀራፍፈው ያ መፍትሔ ብለው ያስገቡት ትእዛዝ ነው።

ከስድስቱ ዓምዶች የብዙ ሰው ዓይን የሚሄደው ፍሪ ወደሚለው ነው፤ ለውሳኔ ግን ከሁሉም ያነሰ ጥቅም ያለው እሱ ነው። የሚነግርዎት በዚያች ቅጽበት ማንም ለምንም ያልተጠቀመበትን ራም ብቻ ነው፤ በደህና የሚሠራ ሊኑክስ ደግሞ ይህን ቁጥር ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል። መታየት ያለበት አቬይለብል ነው። አዲስ ፕሮግራም ቢነሳ ስዋፕ (ዲስክ ላይ ያለው የራም መጠባበቂያ) ሳይነካ ምን ያህል ሊያገኝ እንደሚችል ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ራሱ የሚገምተው ቁጥር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው እትም 3.14 ላይ የተጨመረ ነው። የእርስዎ 11.1 ጊጋባይት ነው፤ ከጠቅላላው ከሁለት ሦስተኛ ይበልጣል።

ይህ ቁጥር ከመምጣቱ በፊት ሰዉ ነጻውንና ካሹን በእጁ ይደምር ነበር። ድምሩ ያሳስታል፤ ካሽ ተብሎ ከሚቆጠረው ውስጥ ሊለቀቅ የማይችል አለና። ቲኤምፒኤፍኤስ በሚባለው፣ ራም ውስጥ ባለ የፋይል ማስቀመጫ ላይ የተቀመጠ ፋይል፣ እንዲሁም ፕሮሰሶች (በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች) በጋራ የያዙት ሜሞሪ እዚያው ውስጥ ይቆጠራሉ፤ ዲስክ ላይ ሌላ ቅጂ ስለሌላቸው ግን ከራም የሚወጡት ወደ ስዋፕ ሲጻፉ ብቻ ነው። ሼርድ የሚለው ዓምድ የሚያሳየው እነዚህን ነው። እግረ መንገድዎን ይህን ይወቁ፦ አዳዲሶቹ የፍሪ እትሞች ዩዝድን የሚያሰሉት ከቶታል ላይ አቬይለብልን በመቀነስ ነው፤ ስለዚህ ሰርቨሩን ባሳደሱ ማግስት ዩዝድ ከፍ ብሎ ቢያዩት ምንም አልተበላሸም።

አሁን 11.3 ጊጋባይቱ ምን እንደሆነ እንይ። አንድ ፕሮግራም ፋይል ሲያነብ ጥያቄው በቀጥታ ወደ ዲስክ አይሄድም። ከርነሉ መጀመሪያ የዚያ ፋይል ያ ቦታ ፔጅ ካሽ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ይፈትሻል። ፔጅ ራም የሚከፈልበት ቁራጭ ሲሆን በተለመዱት ፕሮሰሰሮች ላይ 4 ኪሎባይት ነው። ካለ ከራም ወደ ፕሮግራሙ ይገለብጣል፤ ከሌለ ከዲስክ ያመጣል፤ ፕሮግራሙ በተከታታይ እያነበበ መሆኑን ካስተዋለም ሳይጠየቅ ቀጣዩን እስከ 128 ኪሎባይት ድረስ አስቀድሞ ይስባል። ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ ቢዘጋም ፔጁ እዚያው ይቆያል። ማስወጣት ለማንም አይጠቅምም፤ ነገ ያንኑ ፋይል የሚፈልግ ሊኖር ይችላል።

ዋናው ነጥብ እንዲህ ያለውን ፔጅ መልቀቅ ከርነሉን ምንም ያህል አለማስወጣቱ ነው። ተነቦ ያልተለወጠ ፔጅ ዲስክ ላይ ትክክለኛ ቅጂ አለው፤ ስለዚህ ሌላ ፕሮግራም ራም ሲጠይቅ ከርነሉ ምንም ሳይጽፍ ፔጁን ከካሹ ነቅሎ ለጠያቂው ይሰጣል። ይህ በማይክሮ ሰከንዶች የሚያልቅ ሥራ ነው። እርስዎ በክሮን ቀድመው ማራገፍዎ ከርነሉን ከዚህች ጥቂት ሥራ ሲያሳርፈው፣ ዲስኩን ግን እጅግ የከበደ ሥራ ያሸክመዋል።

ክብደቱን በቁጥር ላሳይ። ከራም ማንበብ 100 ናኖ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። የሚሽከረከር ዲስክ ጭንቅላቱን አንቀሳቅሶ አንዲት ቁራጭ ለማምጣት 10 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይፈልጋል፤ አንድ መቶ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ፖስትግሬስ የሚያነበው በ8 ኪሎባይት ብሎክ ነው፤ በኢንዴክስ (በማውጫ) ሲፈልግ ደግሞ ብሎኮቹ ዲስኩ ላይ እዚህም እዚያም ተበታትነው ነው የሚገኙት። አንድ ጊጋባይት 131,072 ብሎክ ነው። ዲስኩ በሰከንድ 150 የተበታተነ ንባብ ይችላል ብንል፣ ያን አንድ ጊጋባይት ወደ ካሽ ለመመለስ 14 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል። እርስዎ የጻፉት ሩብ ሰዓት ከዚህ ጋር ይገጥማል፦ በተደጋጋሚ የሚነበበው የዳታቤዙ ክፍል ወደ አንድ ጊጋባይት ቢጠጋ ነው፤ እሱ እስኪመለስ ሁሉም ጥያቄ ዲስኩ ደጃፍ ላይ ይሰለፋል። ከዚያ በኋላ ነጻው ራም የሚወርደውም ካሹ እንደገና ስለሚሞላ ነው፤ የሚያፈስ ፕሮግራም ቢኖር ኖሮ አቬይለብልም አብሮ ይወርድ ነበር።

ድሮፕ ካሽስ ላይ 1 ሲጻፍ ፔጅ ካሹን፣ 2 ሲጻፍ የፋይል ስሞችና የአይኖድ (የእያንዳንዱ ፋይል መግለጫ) መረጃ የተያዘበትን ካሽ፣ 3 ሲጻፍ ሁለቱንም ይለቃል። ስለዚህ የእርስዎ ትእዛዝ ይዘቱን ብቻ ሳይሆን ፋይሉ የት እንዳለ የሚያሳየውንም መረጃ ነው የሚጥለው። ዲስክ ላይ ገና ያልተጻፈ ለውጥ ያለበትን ፔጅ አይነካም፤ ሰዉ ከፊቱ ሲንክ የሚያስገባው ለዚህ ነው። ሲንኩም የራሱ ጣጣ አለው፤ በእርጋታ ሊጻፍ የነበረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ዲስኩ ላይ ይደፋዋል። የከርነሉ ሰነድ ይህ መሣሪያ ከሙከራና ከስህተት ፍለጋ ውጭ እንዲሠራበት አይመክርም። ተገቢ ቦታው የዲስክን ንባብ ፍጥነት ሲለኩ ነው፦ ሁለተኛው ልኬት ከራም እንዳይነበብ በመካከል ካሹን ያራግፋሉ፤ በሥራ ላይ ባለ ሰርቨር ግን ቦታ የለውም።

ሰርቨርዎ ዲስኩ የሚሽከረከር ስለሆነ ስለ መጻፉ በኩል ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ እዚህ ላይ ማስተካከል የሚገባ ነገር አለ። ፕሮግራም ሲጽፍም መጀመሪያ የሚጻፈው ካሽ ላይ ነው። ፔጁ ለውጥ እንዳለበት ምልክት ይደረግበታል፤ የከርነሉ ጸሐፊ በየ5 ሰከንዱ እየነቃ 30 ሰከንድ ያለፋቸውን ወደ ዲስክ ያወርዳል። ያልተጻፈው ሊለቀቅ ከሚችለው ሜሞሪ 10 ከመቶ ሲደርስ ጊዜ ሳይጠብቅ ከጀርባ መጻፍ ይጀምራል፤ 20 ከመቶ ከደረሰ ደግሞ የሚጽፈውን ፕሮግራም ራሱን ያስቆመዋል። እነዚህ በአብዛኛው ሳይነኩ የሚተዉ የመነሻ ቁጥሮች ናቸው። በእርስዎ ሰርቨር 20 ከመቶው 2.2 ጊጋባይት ያህል ነው። ያን ያህል የተከማቸ ጽሑፍ በተከታታይ ቢጻፍ እንኳ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ለሚጽፍ ዲስክ 15 ሰከንድ ነው፤ ተበታትኖ ከሆነ ብዙ ደቂቃ። በዚህ መካከል ፖስትግሬስ ኮሚት (የተጠናቀቀ ለውጥ) ለማጽናት ኤፍሲንክ ሲጠይቅ፣ ማለትም አሁኑኑ ዲስክ ላይ ይጻፍልኝ ሲል፣ ከዚያ ሁሉ ወረፋ ጋር ይጋፋል፤ ተጠቃሚው የሚያየው ሲስተሙ ለአፍታ ደርቆ መለቀቁን ነው።

መድኃኒቱ መጠኑን በከመቶ ሳይሆን በባይት መወሰን ነው። ከጀርባ መጻፍ የሚጀመርበትን ደርቲ ባክግራውንድ ባይትስን 128 ሜጋባይት፣ ፕሮግራሙ የሚቆምበትን ደርቲ ባይትስን 512 ሜጋባይት ያድርጓቸው። በባይት ሲያስገቡ የከመቶው አቻ 0 ሆኖ ይታያል፤ ያ ትክክለኛ ጠባዩ ነው፣ አያስደንግጥዎ። ጽሑፉ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚወርድ የድርቀቱ ጊዜ ያጥራል። ኮሚት የተደረገ መረጃ መብራት ቢጠፋ ይጠፋል ብለው አይስጉ፤ ፖስትግሬስ ኮሚትን ከማጽናቱ በፊት መዝገቡን በኤፍሲንክ ዲስክ ላይ ያሳርፋል። ይህ የሚሠራው ኤፍሲንክ የሚለው ቅንብር ሳይዘጋና ዲስኩ ራሱ ጻፍኩ ሲል የእውነት የጻፈ ሲሆን ነው።

ሼርድ ላይ ያለው 0.2 ሌላ ነገር ይናገራል። የፖስትግሬስ የራሱ ካሽ፣ ሼርድ ባፈርስ፣ የመነሻ መጠኑ 128 ሜጋባይት ነው፤ ያልነኩት ይመስላል። ለዳታቤዝ በተለየ ሰርቨር የተለመደው መነሻ የራሙ ሩብ ነው፤ የእርስዎ አፕሊኬሽኑንም ስለሚያስተናግድ በ3 ጊጋባይት ይጀምሩ። ከዚያ በኋላ ሼርድ ወደ 3 ከፍ ሲል አቬይለብል በዚያው ልክ ሲወርድ ያያሉ፤ የሚጠበቅ ነው። ለምን ግማሽ ወይም ሦስት አራተኛ አይሰጠውም ለሚል፦ ፖስትግሬስ ፋይሎቹን የሚያነበው በከርነሉ ካሽ በኩል በመሆኑ አንዱ ብሎክ ሁለቱም ጋ ሊቀመጥ ይችላል፤ ራሱ የያዘው በጣም ሲሰፋ ያው መረጃ ሁለት ቦታ ራም ይበላል። ኢፌክቲቭ ካሽ ሳይዝ የሚባለውን ደግሞ 10 ጊጋባይት ቢሉት አንዲት ባይት አይወስድም፤ ለጥያቄ አቃጁ ምን ያህል ካሽ እንዳለ የሚነግር ግምት ብቻ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ዎርክ ሜም የተባለው የሥራ ራም መጠን ነው። የሚሰጠው ለአንድ ግንኙነት ሳይሆን በአንድ ጥያቄ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ የመደርደር ወይም የሃሽ ሥራ ነው። ሪፖርት ይፍጠን ብሎ 256 ሜጋባይት ያደረገው ሰው፣ 40 ግንኙነቶች በአንድ ጊዜ ቢደረድሩ 10 ጊጋባይት ይሄድበታል፤ ካሹ ወዲያው ይነጠቃል፣ ዳታቤዙም «ያለ ምክንያት» ይንቀራፈፋል።

ከርነሉ የቱን ፔጅ እንደሚለቅ የሚመርጥበት መንገድ ሙሉ መጽሐፍ የሚወጣው ነው፤ ለእርስዎ የሚጠቅመውን ብቻ ላንሳ። የፋይል ፔጆችና የፕሮግራሞች የራሳቸው ሜሞሪ ለየብቻ ይያዛሉ፤ እያንዳንዳቸውም የሚሠራባቸውና የቦዘኑ ተብለው በሁለት ዝርዝር ይከፈላሉ። አዲስ የተነበበ የፋይል ፔጅ ከቦዘኑት ተርታ ይገባል፤ እንደገና ሲፈለግ ወደ ላይኛው ያድጋል። ስለዚህ ሌሊት 200 ጊጋባይት የሚገለብጥ ባክአፕ ፔጆቹን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚነካቸው በብዛት እዚያው ታች ገብተው ይወጣሉ። ከለላው ግን ሙሉ አይደለም። ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች የሚዘገዩ ከሆነ ባክአፑን የራሱ የሜሞሪ ጣሪያ ባለው ሲግሩፕ (የፕሮሰሶች ቡድን) ውስጥ በሲስተምዲ (በአገልግሎቶች አስተዳዳሪው) ያስኪዱት፤ የሚያነበው ፋይል ካሽም በእሱ ሂሳብ ስለሚቆጠር ጣሪያው ላይ ሲደርስ የሚያስወጣው የራሱን ፔጅ ነው። ከእትም 6.1 ጀምሮ ፔጆችን በትውልድ የሚከፍል አዲስ አሠራር ገብቷል፤ ዓላማው ያው ነው።

ነጻው ራም ዝቅተኛ መስመር ሲነካ ኬስዋፕዲ የተባለው የከርነል ሥራ ይነቃል፤ ነጻው ወደ ከፍተኛው መስመር እስኪመለስ ከጀርባ ያጸዳል። የእርስዎ 0.4 ጊጋባይት አካባቢ የሚወዛወዘው ለዚህ ነው። ችግር የሚሆነው ኬስዋፕዲ ሳይደርስለት ቀርቶ ራም የጠየቀው ፕሮግራም ራሱ ቆሞ ማጽዳት ሲጀምር ነው።

ስዋፒነስን በተመለከተ ሰፊ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። መነሻው 60 ነው፤ ራሙ 60 ከመቶ ሲሞላ ስዋፕ ይጀመራል ማለት ግን አይደለም። ራም ማስለቀቅ ሲያስፈልግ ከፋይል ፔጆችና ከፕሮግራሞች ሜሞሪ ወደየትኛው ያጋድል የሚለውን የሚወስን ክብደት ነው። ከእትም 5.8 ወዲህ እስከ 200 ይደርሳል፤ 100 ማለት ሁለቱን መልሶ ማምጣት እኩል ዋጋ አለው ማለት ነው። ስዋፑ ሃርድ ዲስክ ላይ ላለ ዳታቤዝ 10 ጥሩ ነው። 0 አያድርጉት፤ ስዋፑንም ጨርሰው አያጥፉት። የሚለቀቅ ሲጠፋ የሚመጣው ኦኦኤም ኪለር ነው፤ ብዙ ሜሞሪ የያዘውን ፕሮሰስ መርጦ ስለሚገድል ዕጣው ብዙ ጊዜ በዳታቤዙ ላይ ይወድቃል። ስዋፕ ላይ 300 ሜጋባይት ተቀምጦ ማየት ብቻውን አያሳስብ፤ ከተነሱ ጀምሮ ያልተነኩ ፔጆች እዚያ ይተኛሉ።

ታዲያ እውነተኛ የራም እጥረት በምን ይታወቃል? ክሮኑን ካወጡ በኋላ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ቪኤምስታት 1 ብለው ያስኪዱ። የመጀመሪያው መስመር ሰርቨሩ ከተነሳ ጀምሮ ያለ አማካይ ነው፤ ይዝለሉት። ኤስአይና ኤስኦ ከስዋፕ የሚመጣውንና ወደ ስዋፕ የሚሄደውን ያሳያሉ። አልፎ አልፎ ብልጭ ቢሉ ምንም አይደለም፤ ሁለቱም በየሰከንዱ ከዜሮ በላይ ሆነው ለደቂቃዎች ከቆዩ እጥረት አለ። ቢ የሚለው ዓምድ (ቆመው የሚጠብቁ ፕሮሰሶች ብዛት) ከፍ ብሎ ዳብልዩኤ (ፕሮሰሰሩ ዲስክ በመጠበቅ ያሳለፈው ጊዜ) ሲጨምር፣ ኤስአይና ኤስኦ ግን ዜሮ ሲሆኑ፣ ፕሮሰሶቹ የሚጠብቁት ዲስክን ነው፤ ክሮንዎ ሲሠራ የሚያዩት ይህንን ነው።

ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ መለኪያ ከርነሉ መረጃውን በሚያሳይበት ፎልደር፣ በፕሮክ ስር፣ ፕሬሸር ውስጥ ያለው የሜሞሪ ፋይል ነው፤ ከእትም 4.20 ጀምሮ አለ፣ አንዳንድ ስርጭቶች ላይ ሲነሳ ፒኤስአይን 1 ብሎ ማብራት ይጠይቃል። ሰም የሚለው መስመር ቢያንስ አንድ ሥራ ሜሞሪ በመጠበቅ የቆመበትን የጊዜ ድርሻ ይሰጣል፣ ፉል የሚለው ደግሞ ሁሉም የቆሙበትን፤ በ10፣ በ60 እና በ300 ሰከንድ አማካይ። ፉል በ60 ሰከንዱ ላይ ዜሮ ሆኖ የሚውል ሰርቨር የራም ችግር የለበትም፤ ፍሪ ዓምዱ ምንም ይበል።

ሜሞሪ የሚያፈስ አለ ብለው ከጠረጠሩ ሜምኢንፎ የሚባለውን ፋይል በየ10 ደቂቃው ወደ አንድ መዝገብ ይጻፉና ከጥቂት ቀን በኋላ ሦስት ቁጥሮች ያወዳድሩ። አኖንፔጅስ (የፕሮግራሞች የራሳቸው ሜሞሪ) ሳይመለስ እየወጣ ከሄደ የሚያፈስ ፕሮግራም አለ። ሽሜም (የጋራው ሜሞሪ) ከሆነ የሚያድገው፣ አንዱ ዴቭ ሽም ወይም ሌላ ቲኤምፒኤፍኤስ ላይ እየጻፈ አይሰርዝም። ኤስአንሪክሌም ከሆነ ጥፋቱ ከርነሉ ወይም ድራይቨር ውስጥ ነው፤ ስላብቶፕ የሚባለው ትእዛዝ የትኛው እንደሆነ ያሳያል። በዳይ ፕሮሰሱን ሲፈልጉ ቶፕ በሚባለው ትእዛዝ ላይ ያለውን ሬስ ዓምድ (ፕሮሰሱ የያዘውን ራም) አይደምሩ። እያንዳንዱ የፖስትግሬስ ፕሮሰስ የነካውን ሼርድ ባፈር የራሱ አስመስሎ ስለሚቆጥር 3 ጊጋባይቱ 50 ጊዜ ሊደመር ይችላል። በየፕሮሰሱ ስማፕስ ሮልአፕ ውስጥ ያለው ፒኤስኤስ የጋራውን ለተጋሪዎቹ አካፍሎ ስለሚያስቀምጥ፣ የሚደመረው እሱ ነው።

አፕሊኬሽኑን ወደ ኮንቴይነር (የራሱ የራም ጣሪያ ወዳለው የተከለለ ማስኬጃ) ካዛወሩም ይህ ጥያቄ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል፦ የሜሞሪው ግራፍ ጣሪያው ላይ ተለጥፎ ይውላል። የኮንቴይነሩ ሂሳብ ያነበባቸውን ፋይሎች ካሽም ይጨምራል፤ ጣሪያው ሲነካ መጀመሪያ የሚለቀቀው ካሹ ነው። ሜሞሪ ስታት ውስጥ አኖን የሚለውን ይዩ፤ እሱ ወደ ጣሪያው ሲጠጋ ነው መጨነቅ። ዊንዶውስ ላይም ነገሩ ያው ነው፦ ስታንድባይ የሚባለው ራም ካሽ ነው፤ አቬይለብል ውስጥም ይቆጠራል። ራም እናጸዳለን የሚሉ ፕሮግራሞች ከየፕሮሰሱ ፔጅ ነጥቀው ነጻ የሚመስል ቁጥር ያሳያሉ፤ ፕሮሰሶቹ ወዲያው መልሰው ይጠይቁታል።

ራም ይጨመር አይጨመር ለሚለው፣ በፕሮክ ስር ያለው ቪኤምስታት ፋይል ውስጥ ወርኪንግሴት ሪፎልት ፋይል የሚል ቆጣሪ ይፈልጉ፤ ከእትም 5.9 በፊት ባሉት ወርኪንግሴት ሪፎልት ብቻ ይባላል። ከካሽ የወጣ የፋይል ፔጅ ተመልሶ ስንት ጊዜ እንደተፈለገ ይቆጥራል። የሚያድግ ድምር ስለሆነ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሁለት ጊዜ፣ በ10 ደቂቃ ልዩነት ይመዝግቡትና ይቀንሱ። ልዩነቱን በ4 ኪሎባይት ያባዙት፦ 250,000 ቢሆን አንድ ጊጋባይት ያህል መረጃ ካሹ ስለጠበበ ብቻ ሁለተኛ ተነቧል። ጥቂት መቶ ከሆነ ያለው ራም ይበቃል። ያለማቋረጥ በመቶ ሺዎች የሚሄድ ከሆነ ራም ወይም ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ያስፈልጋል፤ ከሁለቱ መጀመሪያ ኤስኤስዲውን ብመርጥ እመርጣለሁ። በሰከንድ 150 የነበረው የተበታተነ ንባብ በአስር ሺዎች ይሆናል፤ ካሽ ውስጥ ላልተገኘው ብሎክ ብቻ ሳይሆን ለኤፍሲንኩም፣ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሳ ባዶ ለሚሆነው ካሽም ይደርሳል፤ የተጨመረ ራም ግን ለእነዚህ ለሁለቱ ምንም አያደርግም።